ጆሮው ሲዲዎቹን ኮምፒውተር ውስጥ የከተተ ጊዜ

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚሠሩት መካኒኮች ናቸው፤ እሱም ኮርቶበት ይኖራል። መኪና ከበር ሲገባ፣ እሱ ገና መኪና ሥር ሆኖ ከሚሠራበት ጉድጓድ ሳይወጣ፣ «የፊት ግራው ጎማ ኩሽኔታ አልቋል» ይላል። ደንበኛው ሊከራከር ይሞክርና ጎማው ሲፈታ ራሱ አይቶ ያምናል። ይኸው ሰው ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ ከአጠገቡ ሆና ደጋግማ ብትጠራውም አይሰማም።

ራሱም ያውቀዋል። «ምን ላድርግ፣ ለኩሽኔታ የተፈጠረ ጆሮ ነው፤ ለሰው አይሠራም» እያለ በራሱ ይስቃል።

ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ሲዲዎቹን ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ሚስቱ ትጠራጠረዋለች። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሞልተውታል። ፊት ለፊታቸው ሕፃን ልጅ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ማጫወቻው አርጅቶ ዘፈን መዝለል ሲጀምር አንድ ደንበኛው፣ «ምን አደከመህ? ሁሉንም ኮምፒውተር ውስጥ ክተተውና በስፒከርህ ስማ» አለው። መገልበጫ ፕሮግራም ጫነለት፤ ድምፁን ከኮምፒውተሩ ተቀብላ ለአምፕሊፋየሩ የምታቀብል፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃም አስገዛው። በዚያ ሰሞን ጆሮው ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቃተው።

ሚስቱ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ቤቷ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ስሙ ተለጥፎበታል፤ ጨዉ «ጨው»፣ ስኳሩ «ስኳር»። ሐሳቡን ስትሰማ ደስ አላት፤ ግድግዳዋ ሊመለስላት ነዋ! ከመሳቢያዋ አንድ ሲዲ አውጥታ ሰጠችው።

«መጀመሪያ የእኔን።»

የሠርጋቸው ሲዲ ነው። ሙዚቃው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ግን አባቷ ሲመርቁ ይሰማል። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። በሠርጉ ቀን ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው ታላቅ እህቷ ያንን ምርቃት ሰምታው አታውቅም። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከሩቅ ልትመጣ ነው፤ የምትመጣውም በዋናነት ለዚሁ ነው።

«ደግሞ ስሙን ጻፍበት፣ እሺ? ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ መርዝ ነው» አለችው።

«እሺ» አለ ጆሮው። እሺ ማለት አስቸግሮት አያውቅም።

ኮምፒውተሩ አንዱንም ሲዲ አላወቀውም። ሲዲ በገባ ቁጥር «ማን ተብሎ ይቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል። የጆሮው ጣቶች ደግሞ መፍቻ እንጂ ፊደል አይወዱም። «እኔ ዘፈን ለመለየት ስም ያስፈልገኛል? ዘፋኙ ገና ሳይተነፍስ አውቀው የለ!» ብሎ ባዶውን አለፈው። ምስኪኑ ኮምፒውተር ስም ሲያጣ ሁሉንም «ያልታወቀ» በሚል ማህደር ውስጥ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ያስቀምጥ ጀመር። ሁለተኛው ሲዲ ሲገባ «በዚህ ቁጥር ሌላ ዘፈን አለ፤ ልተካው?» አለ። ጆሮው «እሺ»ን ተጫነ። በየሲዲው ተጠየቀ፤ በየሲዲው እሺ አለ። ምናለ አንዴ እንኳ ቢያነበው! እሱ እቴ፣ ማስታወቂያ መስሎት ነበር።

በመሐል ከፍቶ ቢሰማ ኖሮ ይነቃ ነበር። ግን «ቤት ሳያልቅ አይገባም፤ ሁሉም ሲሞላ በአንዴ ነው የምሰማው» ብሎ ምሏል። ገልብጦ ሲገላገል ሲዲዎቹን በካርቶን አድርጎ ለጎረቤታቸው፣ ለጡረተኛዋ አስተማሪ ሰጣቸው። ጓሯቸው የተከሉትን ሰላጣ ወፍ እየለቀመ አስቸግሯቸው ወፉን የሚያባርር የሚያብረቀርቅ ነገር ይፈልጉ ነበር። የሠርጉም ሲዲ አብሮ ሄደ። ተገልብጧል ብሎ ነዋ!

እህትየው ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ዓርብ፣ ከሥራ ገብቶ ታጠበ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ ወንበሩን ስፒከሮቹ መሐል ለመሐል አስተካክሎ ተቀመጠና ተጫነ። ወይ ድምፅ! የክራሩ ጅማት የተዘረጋው ሳሎኑ ውስጥ ነበር የሚመስለው። ሌላ ሞከረ፤ ያው ዘፋኝ። ሌላም፤ ያው ዘፋኝ። ያ ሁሉ ሲዲ አንዱ በሌላው ላይ ሲጻፍ ከርሞ የቀረው መጨረሻ የገባው ነው። እሱም ጆሮው የማይወደው፣ ሰው በግድ ያሸከመው ሲዲ። በነጠላ ጫማ ጎረቤት ሮጠ።

«እትዬ፣ ሲዲዎቼ!»

«እግዜር ይስጥህ ልጄ! ከሰቀልኳቸው ወዲህ አንድ ወፍ አልደፈረኝም» አሉት።

የዕድሜ ልክ ሀብቱ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ሰላጣ ይጠብቃል። የሠርጉን ሲዲ ከግንቡ ሥር አገኘው፤ ነፋስ ከግንቡ ጋር ሲያፋትገው ሰንብቶ ድመት የተጫወተችበት መስሏል። ቤት ወስዶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው፤ ተፋው። ደግሞ ከተተው፤ ደግሞ ተፋው።

ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ሊዋሽ ቃጣው። ሚስቱ ስትገባ ግን ፊቱ ቀድሞ ተናገረበት፤ ሁሉንም ነገራት።

«ልተካው ወይ ብሎ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኛል።»

«እና?»

«እሺ አልኩት።»

አልጮኸችም። ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ እህትየው መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «በሉ አሰሙኛ!» አለች። ጆሮው አቀርቅሮ ጥፋቱን ተናገረ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር። እህትየው «ግዴለም» ልትል ሞከረች፤ ዓይኗ ግን ሞላ።

ሚስቱ ድንገት ብድግ አለች።

«ቆይ! የእኔ ሲዲ ቁርጥራጩ ብዙ አልነበር? ሰላምታው ለብቻ፣ ጭብጨባው ለብቻ?»

«ከሁሉም ይበልጥ ነበር።»

«ተካው ያልከው እኮ ቁጥሩ የተመሳሰለውን ነው። ከሌሎቹ ቁጥር አልፎ ብቻውን የቀረውን ማን ይተካዋል?»

ጆሮው ማህደሩን ከፍቶ ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደ። የማይወደው ዘፋኝ አለቀ፤ የሌላ ሲዲ ትርፍራፊ መጣ፤ ከዚያ ጭብጨባና የሳህን ኳኳታ። መጨረሻውን ተጫነ።

ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። እነዚያ ስፒከሮች እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሳል አውጥተው አያውቁም።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ ሽማግሌው፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ያህል። «አንቺ ልጄ፣ ባልሽ ደግ ሰው ነው። ሞተር ይሰማል፤ ሰው ግን ሲነግሩት አይሰማም። አደራሽን እንዳትቀየሚው። ደጋግመሽ ንገሪው።»

እህትየው እያለቀሰች ሳቀች። ሚስቱ «ድገመው» አለች፤ ደገመው። በሠርጉ ቀን ጆሮው ከአማቱ ጎን ቆሞ ነበር፤ ሲጨበጨብም አጨብጭቧል። ይህን ቃል ግን ገና መስማቱ ነው።

ሚስቱ ዓይኗን ጠርጋ ኪቦርዱን ወደሱ ገፋችው።

«በል፣ ስም ጻፍበት።»

«ማን ልበለው?»

«አሁን የሰማኸውን።»

በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ «ደጋግመሽ ንገሪው» ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ላስቀምጠው?» አለ። ጆሮው እጁን ሰበሰበና ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበላት።