አንድ አውቶቡስ የማይሞላ ስም

ልጅ ሳለሁ፣ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር በተከራየናት ቤት ውስጥ የምንኖረው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ የፖስታ ሳጥናችንን ያየ ሰው ግን ሦስት ቤተሰብ ተፋፍጎ የሚኖርባት ይመስለው ነበር። ጥፋቱ የአባቴ ነው፣ ጥፋት ከተባለ። አገር ቤት ማንኛውም ቢሮ «ሙሉ ስም ከነአያት» ስለሚል፣ አባቴ ቀድሞን አሜሪካ ሲገባ ካሳሁን ደምሴ አየለ ብሎ ቅጹን ሞላ። እኛን ሲያስመጣም እኔን ትዕግስት ካሳሁን ደምሴ፣ እናቴን ጥሩወርቅ በላይ ገብሬ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ፣ በዚያ በሚኮራበት የእጅ ጽሑፉ አሰፈረን። ፈረንጅ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ብቻ መንጭቆ የቤተሰብ ስም አደረገው። አባቴ ሚስተር አየለ፣ እናቴ ሚስስ ገብሬ፣ እኔ ሚስ ደምሴ ሆነን ቁጭ አልን። አሜሪካን በሕልማቸው እንኳ አይተው የማያውቁ ሦስት ሟች ሽማግሌዎች ሲያትል ላይ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይላክላቸው ጀመር።

ፖስታ አዳዩ ነገሩ ሳይታክተው አልቀረም፤ ደብዳቤያችንን ጎረቤታችን ላሉት ሽማግሌ መስጠት አመጣ። እሳቸውም አንድ ቀን ደብዳቤዎቹን በብብታቸው ይዘው በራችንን አንኳኩና ከሦስቱ ቤተሰቦች የትኛው እንደሆንን ጠየቁ። እናቴ «ሦስቱንም ነን» አለቻቸው። ወዳጅነቱ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ስታኒስላቭ ቮስካርቺክ ይባላሉ፤ ፖላንዳዊ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በመርከብ ጥገና የጨረሱ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ለእኛ ብዙም ሳይቆይ አባባ ስታን ሆኑ። እናቴ በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስታጣ ተቸግራ፣ በየቃሉ መሃል «ሰር» ትሰነቅርላቸው ነበር፤ እሳቸውም ወታደር ቤት የገቡ እየመሰላቸው ቀጥ ብለው ይቆሙላታል። እሷ አረጋውያን መጦሪያ፣ አባቴ መሃል ከተማ መኪና ማቆሚያ ስለሚሠሩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳቸው እስኪመጡ ድረስ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ያኔ፣ በኅዳር፣ ሲያትል ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል። አባባ ስታን ሳሎናቸው ውስጥ የብረት ምድጃ ነበራቸው፤ ዝናብ የማይለየው እንጨታቸው መጀመሪያ ሁለታችንንም በጭስ ያስለቅሰንና ሲያፍር መሰለኝ ቀስ ብሎ ይያያዛል። ፍሙ ሲቀላ የጣሪያውን መብራት ያጠፉና ከግድግዳው ሥር ያለችውን አረንጓዴ ቆብ የደፋች ትንሽ መብራት ያበራሉ። ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል፤ በካርታው ላይ ደግሞ ባለቀለም እስፒሎች። እያንዳንዱ እስፒል ቮስካርቺክ የሚባል ሰው የሚኖርበት ቤት ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት እየሄዱ የሩቅ ከተሞችን የስልክ ማውጫ አገላብጠዋል። ስማቸውን ባገኙበት ሁሉ ደብዳቤ ጽፈዋል። የመለሰላቸው ቀይ፣ ዝም ያላቸው ነጭ እስፒል ይተከልለታል። አብዛኞቹ እስፒሎች ምሥራቅ ፖላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ጫካ ዳር ባሉ ሦስት አራት መንደሮች ላይ እንደ ንብ ተጠጋግተው ሰፍረዋል። ከዚያ ውጭ ሁለት ብራዚል፣ አንድ ፈረንሳይ፣ አንድ ሲያትል። «የዓለም ቮስካርቺክ ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ አውቶቡስ አይሞላም» ይሉ ነበር፣ ደረታቸውን ነፍተው፤ ሌላው ሰው ዘመዶቼ ብዙ ናቸው ብሎ እንደሚኮራው እሳቸው በማነሳቸው ይኮሩ ነበር። የእኛ አየለ ቢሰበሰብ አንድ ስታዲየም ሞልቶ ይተርፋል ብዬ አሰብኩና አፈርኩ።

ተረታቸው ሁልጊዜ ከጫካው ይጀምራል። በዚያ ጫካ ውስጥ ንቦች በትልልቅ ዛፎች ሆድ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ አንድ ሰው ዛፉ ላይ በገመድ እየወጣ ማሩን ለጌቶች፣ ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ያቀርባል። ሰም ማለት በእነሱ ቋንቋ ቮስክ ነው። ሰሙ ምን እንደሚሠራ ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ ስለ ጧፍ ነገርኳቸው፤ በጣም ደስ አላቸው። ታዲያ አንድ ቀን የጌታው ጸሐፊ ትልቅ መዝገብ ተሸክሞ የሰዉን ስም ሊመዘግብ መጣ። ሰውዬው ዛፍ ላይ ነው። ደጅ እንጨት የሚፈልጠውን ጎልማሳ ልጁን «የማን ነህ?» አለው። «የሰመኛው።» ጸሐፊው ቮስካርቺክ፣ የሰመኛው ልጅ፣ ብሎ ጻፈና መዝገቡን ከድኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የልጁም ልጅ፣ የልጅ ልጁም፣ ሰም ነክቶ የማያውቀው የመርከብ ሠራተኛም፣ ሁሉም የሰመኛው ልጅ ሆኑ።

ከዚያ በየቀኑ አንድ እስፒል ይተርኩልኛል። ብራዚል የሄደው የአባታቸው ወንድም መሬት በነጻ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ላሟን ጭምር መርከብ ላይ ሊያሳፍር የተጣላ ነበር። ቺካጎ ላይ ደግሞ ባዶ ቀዳዳ አለ፤ የአጎታቸው ልጅ ፈረንጅ እንዳይቸገር ብሎ ስሙን ቮስ አድርጎ ሲያሳጥረው አባባ ስታን እስፒሉን ነቀሉት። ስሙን የቆረጠ ሰው እስፒል አይገባውም ባይ ነበሩ። ደብዳቤ ግን አላቋረጡበትም።

እንዴት እንደምቀናባቸው! እኔ ትምህርት ቤት በወላጅ ፊርማ ቁጥር የምዋረድ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስትፈርም ገብሬ፣ አባቴ ሲፈርም አየለ፤ አንዷ የክፍሌ ልጅ አሳዳጊዎችሽ ናቸው ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ስለዚህ በዚያው ወር አባቴ የዜግነት ማመልከቻውን ይዞ ገብቶ፣ ቅጹ ላይ ስም መቀየር ይቻላል፣ ሁላችንም አንድ የቤተሰብ ስም ይኑረን ሲል ከእኔ በላይ የፈነጠዘ አልነበረም። የመረጠው ስም ግሪን ነበር። አጭር ነው፣ ማንም አያኝከውም አለ። የእሱ ከተስተካከለ የእኛም ይከተላል፤ እኔም ትዕግስት ግሪን፣ አለቀ። በእርሳስ ጻፈውና ቅዳሜ በቀለም አድምቆ ሊልከው ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው።

እናቴ ግን እንዳየችው ጀመረች። «ባል አገባሁ እንጂ አባት አልቀየርኩም» አለችው። «አንተ ከፈለግህ አረንጓዴም ቢጫም ሁን፣ የእኔን በላይን እንዳትነካ።»

«ጥሩዬ፣ ኮምፕሊኬትድ አታድርጊው» አለ አባቴ። ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ሰነበቱ፤ እኔ በልቤ ከግሪን ጋር ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን የቤተሰብ ስማችን ከየት እንደመጣና ዘመዶቻችን ዛሬ የት የት እንዳሉ በካርታ እያሳየን ለክፍሉ እንድንናገር አዘዘችን። አሁን ሳስበው አባቴን መጠየቅ እንዴት ትዝ እንኳ እንዳላለኝ ይገርመኛል። በቀጥታ አባባ ስታን ዘንድ ሄጄ ካርታቸውን አስውሱኝ አልኳቸው። ስለ ጎረቤቷ ልታወራ ነው ብለው፣ አንድም እስፒል ሳያስወድቁ ከግድግዳው አወረዱልኝ። ኀሙስ ዕለት ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ሊሰሙኝ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ቆምኩና፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ቅድመ አያቴ ሰመኛ ነበር አልኩ። ጫካውን፣ ገመዱን፣ መዝገቡን አንድም ሳላስቀር ተረክሁት። ብራዚል የሄደው አጎቴ ላሟን መርከብ ላይ ሊያሳፍር ተጣላ አልኩ። ስማችን ዓለም ላይ አንድ አውቶቡስ አይሞላም ስል ድምፄ ልክ እንደ አባባ ስታን ጎርነን አለ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ከሰማኝ በኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ወደ ኋላ እያመለከተ፣ ሽማግሌው አያትሽ ናቸው ወይ አለኝ። ሁሉም ዞረው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ሳቁ ሊፈነዳ ሲል አባባ ስታን ተነሡ።

«ጎረቤቷ ነኝ» አሉ። «ይህ የእኔ ታሪክ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አሳምራ ተናገረችው። የራሷን ግን ገና አልነገረቻችሁም።»

ሊያዋርዱኝም ሊያተርፉኝም ይችሉ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት የትኛውን እንዳደረጉ አልገባኝም። አስተማሪዋ ለሰኞ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ሁለታችን በካፊያ ውስጥ ካርታውን በላስቲክ ጠቅልለን ወደ ቤት ስንሄድ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው የሚገለጠውን ላስቲክ መልሰው ይሸፍናሉ። ደጃቸው ስንደርስ የተናገሩትን ግን እስከ ዛሬ ቃል በቃል እሰማዋለሁ። «እኔ አባቴን ሳልጠይቀው ሞተ። ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ለማላውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት። ያንቺ አባት በአንድ ሰዓት ከሥራ ይመለሳል።» በሩን ከፍተው ገቡ።

አባቴ እውነትም በአንድ ሰዓት መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ፣ ደምሴ ማን ነው አልኩት፤ በእንግሊዝኛ ነው የጠየቅሁት፣ ያኔ ለእነሱ በአማርኛ መመለስ ትቼ ነበር። አባቴ የመኪና ማቆሚያው ሽታ ከልብሱ ሳይለቅ፣ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቴ ኩርፊያዋን ሳትተው ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ጆሮዋ ግን እኛ ዘንድ ነበር።

ደምሴ አባቱ ነው። አየለ የተባለው አያቱ ጀግና ልጅ እንዲወጣለት ተመኝቶ፣ ጠላቴን ደምስስልኝ ሲል ደምሴ አለው፤ ልጁ ግን ልብስ ሰፊ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ከመርፌ በቀር ብረት ሳይጨብጥ አረጀ። አየለ ራሱ በእንግድነት በገባበት አገር ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ያወጣ ሰው ነበር። የአየለ አባት ቸሬ ይባላል፤ እናቱ ስድስት ቀብራ ሰባተኛው ሲተርፍላት አምላኬ ቸር ነው ያለችበት ስም ነው። የቸሬ አባት ሽብሩ፣ የሽብሩ አባት ወልዴ፣ የወልዴ አባት... አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ቆጠረ። እንደዚያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆም የሚውለው ሰውዬ ወጥ ቤታችን ውስጥ የሰባት ሰው ልጅ ሆኖ ተቀመጠ።

«ካሳሁንስ?» አልኩት፣ በአማርኛ።

የመለሰችልኝ እናቴ ነበረች፣ ጀርባዋን ሳታዞር። «ታላቁ ከሞተ በኋላ ነው የተወለደው። አያትሽ ለዚያኛው ካሳ ሁነኝ ብላ ነው ያወጣችለት። አንቺን ደግሞ እኔ ነኝ ያወጣሁልሽ፤ አባትሽ በሄደ በሦስተኛው ወር ተወልደሽ፣ እስክንገናኝ መጠበቅ እንጂ ምን ሌላ ነበረኝ?»

ያኔ ነው የገባኝ። የአባባ ስታንን ስም የሰጣቸው ሊመዘግብ የመጣ የማያውቁት ጸሐፊ ነው። የእኛን እያንዳንዱን ስም የሰጠን የወለደን ሰው ነው፣ በዚያ ቀን በልቡ ያለውን ነገር ለልጁ ሲነግር። ስማችን ካርታ ላይ የማይገኘው ስለማይጓዝ አይደለም፤ በየልጁ አዲስ ስለሚወለድ ነው።

አባቴ ተነሥቶ ቅጹን ከፍሪጁ ላይ አወረደ። ግሪን የሚለውን በእኔ ላጲስ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ አጠፋው። «ሶ ሦስታችንም እንደ ሦስት ቤተሰብ እንቀጥል» አለ። እናቴ ያን ጊዜ ዞረች። ሽንኩርቱ ነው እንዳትል ከትፋ ከጨረሰች ቆይታለች።

ሰኞ ዕለት ያለ ካርታ ቆምኩ። በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ስም በስም ነገርኳቸው። ያ እጁን ያወጣው ልጅ፣ እናቱ ለምን በዚያ ስም እንደጠራችው ቤቱ ሄዶ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። አባባ ስታን ያንኑ ከረባት አስረው መጥተው ነበር፤ ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የእኛ ጸሐፊ ውለታ ውሎልናል፣ አንድ ብቻ ነው የምናስታውሰው፣ እናንተ ግን ይህን ሁሉ ስም ስታስታውሱ ታሳዝናላችሁ አሉኝ። ይህ ከእሳቸው አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና እንደነበር ለማወቅ ጥቂት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ተረኩልኝ። ሲሞቱ የሲያትል የስልክ ማውጫ ቮስካርቺክ የሚል ስም አጣ፤ እኔ ግን የሰመኛውን ታሪክ ለሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ አሁን የራሴ ነው ሳልል።

ዛሬ የምኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ነው። ከፍተኛ ትምህርት አልቀመስኩም፤ ያነበብኩትን ያነበብኩት በመጋዘን ሥራ የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ስለ ሰው ስም የተጻፈ መጽሐፍ ካገኘሁ ግን ሳልጨርስ አልለቅም። ልጄ የአባቷን ስም ይዛለች፣ እኔ የአባቴን። ባለፈው ኤርፖርት ላይ አንዷ ሠራተኛ ፓስፖርታችንን እያገላበጠች፣ ልጅሽ ከሆነች ስማችሁ ለምን ተለያየ ብላ ቅንድቧን አነሣችብኝ። ልጄ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የምታዘጋጀው ትንፋሽ አላት፣ ማም ፕሊስ አለችኝ። ማን ሊሰማት! ከኋላዬ ሰልፉ ተገትሮ፣ ክርኔን ባንኮኒው ላይ አሳርፌ ጀመርኩ፤ እኔ የካሳሁን ልጅ፣ ካሳሁን የደምሴ፣ ደምሴ የአየለ፣ አየለ የሽብሩ ስል፣ ልጄ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ በአማርኛ አቋረጠችኝ።

«ቸሬን ዘለልሽው።»