ከአንድ ሜትር ወዲህ

ረይሀናን የማውቃት ፎቶ አንሺ ከመሆኗ በፊት ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ግቢያችን ሳይፈርስ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ ስንጋራ። አባቷ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ የእኔ አባት አባይነህ ደግሞ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። ከትምህርት ስንመለስ ሁለታችንም የምንውለው እዚያ ነው። አባዬ አንድ ነገር ሲያስረዳ "ገባሽ፣ ረይሀና?" ይላል። "ገባሽ፣ እየሩስ?" ማለት አፉ ላይ አይመጣለትም። አርባ ሊሞላኝ ነው፣ ይቺ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቴን ታሳርረዋለች።

ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ "ጎበዝ ናት" እላለሁ። ጎበዝም ናት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መዝገብ ቤት ፋይል ስታገላብጥ ትውላለች፣ ቅዳሜና እሁድ ካሜራዋን ታነሣለች። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ነው የምታነሣው። እኔ መቶ ፎቶ በማነሣበት ሰዓት እሷ አምስት ታነሣለች፣ አምስቱም ይሆናሉ። ስታመሰግኚያት ደግሞ "አልሀምዱሊላህ" ብላ ወደ ካሜራዋ ትመለሳለች። ትንሽ እንኳ ብትኮራ እኮ ለመጥላት በቀለለኝ ነበር።

አባዬ ሲሞት ዕቃው ለእኔ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዲት የድሮ የራሽያ ሌንስ ነበረች፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ብርማ። አሁን በምንሠራባቸው ካሜራዎች ላይ በአዳፕተር፣ በማገናኛ ቀለበት፣ ትገጠማለች፤ ግን ከአንድ ሜትር ወዲህ ያለውን ነገር አታጠራም፣ ጭጋግ ታደርገዋለች። የእኔ እንጀራ የወርቅ ቤት ፎቶ ነው። ጉትቻ በአንድ ሜትር ርቀት ተነሥቶ ምን ሊታይ? ረይሀና ለማስታወሻ ብላ ስትለምነኝ "ውሰጃት" አልኳት። ልጥለው የነበረ ዕቃ ሰጥቼ ደግ የሆንኩ መሰለኝ።

የጋሽ ብርሃነን ወርቅ ቤት ስምንት ዓመት ያነሣሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ ስለነበርኩ ረይሀና ተክታኝ አንዲት ጉትቻ አነሣች። ቴሌግራም ላይ ሳየው ክው አልኩ። ጥልፍልፉ ክሩ ድረስ ይታያል፣ የመዶሻው ምልክት ይታያል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ደግሞ ወተት መስሎ ቀልጧል። የእኔዎቹ አጠገቡ ሲቀመጡ የመታወቂያ ጉርድ መሰሉ። ሰኞ ዕለት ጋሽ ብርሃነ፣ የፋሲካውን ሰርግ ዕቃ ረይሀና ብትሞክረው ምን ይመስልሻል አሉኝ። በምን እንዳነሣችው ጠየቅኳቸው። በአባትሽ ሌንስ አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ስመለስ ታክሲው ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ተለጥፏል፤ ጸሎቱ የእሷ፣ ምቀኛዋ እኔ መሰለኝ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ እማዬ ሌንሷን ለአባዬ መታሰቢያ ትፈልጋታለች ብዬ ዋሸሁ። ብትከራከረኝ የምመልስላትን ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተከራከረችኝም፤ ከቦርሳዋ ካሜራዋን አውጥታ፣ ሌንሷን ፈትታ በመሐረብ ጠቀለለችልኝ። የሆነ ነገር ላሳይሽ ስትል ታክሲ ያመልጠኛል ብያት ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የእማዬን ጉትቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሌንሷን በራሴ አዳፕተር ገጠምኳት። ስጠጋ ጭጋግ። ወደ ኋላ ስል፣ ስል፣ ልክ አንድ ሜትር ላይ ጠራ፤ ጉትቻዋ ግን የምስር ፍሬ አክላለች። ለእሷ በቅርብ ያነሣች ሌንስ ለእኔ እምቢ ካለች፣ አበላሽታ ነው የሰጠችኝ አልኩ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልታሰበኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ወርቅ ቤቱ ስደርስ ረይሀና ባንኮኒው ላይ ጉትቻ እያነሣች ነበር። ጋሽ ብርሃነ ፊት፣ ሌንሷን ነካክተሽ ነው የመለስሽልኝ፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር አልኳት። ሌንሷን ተቀብላኝ የራሷ አዳፕተር ላይ ገጠመቻት፤ ከዚያ አዳፕተሩን ራሱን በሁለት ጣቷ አዞረችው፤ የእኔው አይዞርም። ሲዞር ሌንሷን ከካሜራው ትንሽ፣ የጥፍር ውፍረት ያህል፣ ወደ ፊት ገፋት። ስክሪኑ ላይ ጭጋግ የነበረው ጉትቻ ጥርት ብሎ መጣ።

"ሌንሷ ያው ናት" አለች። "ጋሽ አባይነህ የሟች ጉርድ ፎቶ ሊያጎላ ሲል ከኋላዋ ስስ ቆርቆሮ ያስገባ አልነበር? ርቀቱን ደግሞ በክር እየለካ።"

"ለእኔ አላሳየኝም" አልኳት።

"ወላሂ አሳይቶናል፤ አጠገቤ ነበርሽ። አንቺ ግን ቆርቆሮውን አይደለም፣ እኔን ነበር የምታዪው።"

ተቆጥታ አልነበረም፤ ሌንሷን በመሐረቡ እየወለወለች ነው ያለችኝ። ጋሽ ብርሃነ አንገታቸውን ደፍተው ሚዛናቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ካሜራውን እጄ ላይ አስቀምጣ አዳፕተሩን አዙሪው አለችኝ። አዞርኩት። የመዶሻው ምልክት አንድ በአንድ መጣ።

"ገባሽ፣ እየሩስ?"

ይቺን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቄያታለሁ፤ ከእሷ አፍ ትወጣለች ግን አላልኩም። ሌንሷን እዚያው ትቼላት ወጣሁ። የወርቅ ቤቱም ሥራ የእሷ ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ መብራት እይዝላታለሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ዛሬም እቀናለሁ፤ አሁን ግን እጇን እያየሁ ነው።