ስዊድናዊው ሽማግሌ በእኛ ዋንዛ ሥር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልጄ ቤዛ ስልኳ ላይ ተደፍታ ለብቻዋ ስትስቅ አገኘኋት። ቡሬ ነው የምትማረው፤ ለእረፍት መጥታ ነው። መጽሐፍ የሚወዱ ወጣቶች በስልክ የሚሰባሰቡበት ማኅበር አላቸው፤ ጽዋም ዝክርም የለውም፣ ግን በየሳምንቱ መጽሐፍ እያነሡ ሐሳብ ይሰጣጣሉ። የዚያ ሳምንት ተራ የስዊድን ልብ ወለድ ነበር። «አንዷ ምን ብላ እንደጻፈች ስሚ እማዬ፤ በስዊድኖች መጽሐፍ ውስጥ ሰው ዝም ይላል፣ በረዶው ነው የሚናገረው» ብላ አነበበችልኝ። ቀጥሎ አንድ ልጅ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቆየ መጽሐፍ አንሥቶ ነበር፤ በሐይቅ ዳር ብቻውን ጀልባ እየጠረበ ስለሚኖር፣ ከተማ የገባች ልጁን መጥራት ስላቃተው ሽማግሌ። ነጠላዬን ሳላጥፍ ቁጭ አልኩ። ያንን ሽማግሌ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በነበረው ግቢያችን፣ በዋንዛው ሥር፣ ከመስቀል እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ድረስ ከእኛ ጋር ሰንብቷል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። መጽሐፉ የታላቅ እህቴ የጥሩወርቅ ነው፤ ስምንተኛን አንደኛ ወጥታ ስትጨርስ አስተማሪዋ የሸለማት። በዚያው ዓመት አባቴ ለወዳጁ ልጅ ሊድራት በሽማግሎች ፊት ቃል ሰጠ። ጠላው ተጠምቆ፣ ቅመሙ ሲሰናዳ፣ ሴቶቹ መቋጠሪያ ወረቀት ቢያጡ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠሎች ገንጥለው ኮረሪማ ቋጠሩባቸው። እህቴ አየች። በማግስቱ ቤት ውስጥ አልነበረችም። ቡሬ ገባች ተባለ፤ ቆይቶም እዚያው አግብታ ወለደች የሚል ወሬ መጣ። ቃሉ የታጠፈበት አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «በገብርኤል ይሁንብኝ፣ ስሟን በአፌ አላነሣም፤ በዚህ ቤትም እንዳይነሣ» ብሎ ማለ። ስሟ ከቤታችን ወጣ፤ መጽሐፏ ግን ቆጥ ላይ ቀረ።

አባቴ በዓል አክባሪ ነበር። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም ሲሆን በሬ አይጠመድም፣ መጥረቢያ አይነሣም፣ ገመድ እንኳ አይገመድም። ሥራ የለመደ እጅ ቦዝኖ ሲውል ያሳዝናል፤ አንዴ ጉልበቱን ያሻል፣ አንዴ መሬቱን በዘንግ ይጭራል፣ ተነሥቶ በሬዎቹን አይቶ ይመለሳል። ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ መቁነጥነጡ ሰልችቷት «ይችን ልጅ ለምን አያስነብቧትም? መቼም ማንበብ በዓል አይሽርም» አለችውና መጽሐፉን ከቆጥ አውርዳ እጄ ላይ አኖረችው። የማን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

እንዲህ ሆኖ የመጽሐፍ ማኅበራችን ተጀመረ። እኔ፣ የአምስተኛ ክፍሏ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፤ አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ እናቴ ደጃፉን ተደግፋ፣ ጎረቤታችን አያ ኑሩም በቅሏቸውን አስረው ያዳምጣሉ። አያ ኑሩ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሙስሊም ናቸው፤ በእኛ በዓል የመሥራት መብት ነበራቸው፤ ነገር ግን ሽማግሌው ከተጀመረ ወዲህ እሳቸውም በዓላችንን ያከብሩ ጀመር።

እኛ የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ወርዶ በቆሎውን የሚያደቀውን ነው። በዚያ አገር ግን ወራት ሙሉ ይወርዳል፣ ቤቱንም ይቀብራል ሲባል አባቴ ራሱን ነቀነቀና «እነዚህ ሰዎች ምን ቢበድሉ ነው?» አለ፤ እናቴም በዚያ ሳምንት ጸሎቷ ላይ የስዊድንን ገበሬዎች ጨመረች። በበጋ ፀሐይዋ አትጠልቅም የሚለው ጋ ስንደርስ ደግሞ አያ ኑሩ ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። ረመዳን የገባ እንደሆነ ማፍጠሪያው መቼ ሊሆን ነው?»

«እዚያ አገር ጨርቅ ይዘው እንዳይሄዱ አያ ኑሩ፤ ሳይበሉ ይቀራሉ» አለ አባቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሚካኤል ዕለት ሽማግሌው በረዶ ላይ ወደቀ። እዚያው ላይ ፀሐይ አዘቀዘቀችና አባቴ «ይብቃ፣ ከብቱ ይግባ» አለ። በሥራ ቀን ማንበብ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሽማግሌው እስከ ኪዳነ ምሕረት እንደወደቀ ቆየ። እናቴ ውኃ ስትቀዳ «ይኸኔ ደርቋል» ትላለች፤ ስታልብ «ጎረቤት የሌለው አገር ነው እንዴ?» ትላለች። በመጨረሻም ጓዳ ጠርታ «ልጄ፣ ትንሽ ብቻ አንብቢና ተነሥቶ ይደር» ብላ ለመነችኝ። አባቴን ፈርቼ እንቢ አልኳት። ኪዳነ ምሕረት ዕለት ከሁሉም ቀድማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ችግሩ የመጣው የልጅቱ ነገር ሲነሣ ነው።

«ለምን አይጠራትም?» አለች እናቴ። «ተገትሮ እንጨት ይጠርባል።»

«ኩራት ነዋ» አሉ አያ ኑሩ። «ኩራት ያለው ሰው ደጁ ሰፊ ነው፣ የሚገባበት ግን የለም።»

አባቴ ዘንጉን መሬት ላይ ተከለ። «ልጅቱስ? የአባቷን ፊት አጥቁራ አይደለም የሄደች?»

ሁሉም ወደየአቅጣጫው ማየት ጀመረ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። አስተያየቱ ሁሉ ስለ ስዊድን ነበር፤ ስለ ስዊድን የሚያስብ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ኅዳር ማርያም ዕለት ሽማግሌው ታመመ፤ ልጅቱ ሰምታ ባቡር ተሳፈረች። «ባቡሩ ሲቆም ልጅቱ» ብዬ ዝም አልኩ።

«ልጅቱ ምን?» አለ አባቴ።

«የለም አባባ። ተገንጥሏል።»

እናቴ አንገቷን ደፋች፤ ኮረሪማው ትዝ ብሏት ይሆናል። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ከእርሻ ተመልሶ እግሩን እየታጠበ «ታዲያ ደረሰችለት፣ አልደረሰችለት?» ይላል። ፍርድ ሳይሰጥ እንደተበተነ ችሎት ከነከነው። በሚቀጥለው ሚካኤል፣ የሚነበብ ነገር ሳይኖር እንደ ልማዳችን በዋንዛው ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ «መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ይጥፋ?» አለ።

እናቴ ወደ መሬት እያየች «የሚያውቅስ አለ። ቡሬ ነው እንጂ» አለች።

አባቴ ወደ ተራራው እያየ «ቡሬ ባሕር ማዶ ነው እንዴ?» አለ። አያ ኑሩ ሌላ ቃል አልጠበቁም፤ «ቅዳሜ ለገበያ እዘልቃለሁ። መጨረሻውን አስልኬ እመጣለሁ» ብለው በቅሏቸውን ፈቱ።

ታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ጥሩወርቅ ልጇን አዝላ በራችን ላይ ቆመች። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ቀና ብሎ አላያትም፤ «መጨረሻውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት?» አላት፣ እንደ እንግዳ። እህቴ «አዎን፣ አባባ» አለችና ከዋንዛው ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ባቡሩ ሲቆም ልጅቱ ወረደች። መንገዱን በረዶ ዘግቶት ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። ግን ከጣቢያው እስከ ቤቱ ድረስ ተጠርጎ አገኘችው። ሽማግሌው አካፋውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል።»

«ምን አላት?»

«ምንም አላላትም። ከበሩ ላይ ዞር አለላት፤ ገባች።»

አባቴ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ዝም አለ። ኋላ ወደ እናቴ ዞሮ «ከቡሬ ድረስ የመጣ እንግዳ እግሩ አይታጠብም?» አለ።

ያን ቀን ስሟን አልጠራም፤ መሐላ አለበት። በማግስቱ በማለዳ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ተናዘዘ፤ ቀኖናውን ተቀብሎ ተመለሰ። ገና ከበሩ ሳይገባ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ «ጥሩወርቅ!» ብሎ ተጣራ። እህቴ እየሮጠች ወጣች። «ውኃ... ውኃ ስጭኝ» አላት።

ይህንን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ቤዛ የመጽሐፉን መጨረሻ ከስልኳ አነበበችልኝ። ባቡሩ ሲቆም ልጅቱን የተቀበላት ሰው የለም። መንገዱን በረዶ ዘግቶታል። ሽማግሌው ከተቀበረ ሰንብቷል፤ ጀልባው ግማሽ ላይ ቀርቷል። የማኅበሩ ልጆች ተከራክረውበታል፤ ገሚሱ ጨካኝ ጸሐፊ ነው ይላል፣ ገሚሱ ሕይወት እንዲህ ናት ይላል።

ቡሬ ወደ እህቴ ደወልኩ። ስነግራት ረጅም ሳቅ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ።

«አባባ ያን ጊዜ አውቶቡስ ሊያሳፍሩኝ ሸኝተውኝ አልነበር? መንገድ ላይ "ጥሩዬ፣ ያ ሰውዬ መንገድ የሚጠርግ ሰው አልነበረም፤ እኔ አውቀዋለሁ" አሉኝ። ደንግጬ ቀረሁ። "ግድ የለም፣ የአንቺው ይሻላል" አሉና ልጁን ስመው ተመለሱ።»

አባቴ ሲያርፍ እጁን የያዘችው እሷ ናት። እናቴም፣ አያ ኑሩም አልፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዋንዛው ተቆርጦ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል። በዓሉ ዛሬም ይከበራል፤ ቤዛና ጓደኞቿ አንድ መጽሐፍ ባንድ ቀን ይጨርሳሉ፤ ወድቆ ያደረ ሽማግሌ ይነሣ ይሆን ብሎ እንስራ ተሸክሞ የሚጨነቅ ሰው ግን አላየሁም።

«እማዬ፣ የአንቺን ሐሳብ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» አለችኝ ቤዛ።

«እኛ ቤት መንገዱ ተጠርጎ ነበር በያቸው» አልኳት። «ተመስገንም ጨምሪበት።»