ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት

ልጅ እያለሁ ተከራይተን የምንኖርበት ቤት ግድግዳ ክረምት በገባ ቁጥር ያልበው ነበር። ቤቱ የሻገተ ዳቦ ይሸታል። እማዬ አስም ነበረባት። ሐኪሙ «ይህን ቤት ካልለቀቃችሁ መድኃኒቱ ብቻውን አይረዳትም» ብሎ ለአባዬ ቁርጡን ነገረው። አባዬም ካራ በሚባለው ሰፈር ባገኛት ቁራሽ መሬት ላይ ዝናቡ ሳይደርስ ቤት ለመሥራት ተጣደፈ።

ሥራውን የያዙት ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ፤ የዚያው አካባቢ ገበሬ የነበሩ፣ ኋላ አናጢ የሆኑ ሽማግሌ። እሳቸው ደግሞ ጥድፊያ የሚባል ነገር አያውቁም። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶው ቦታ ላይ ዱካ አስቀምጠው፣ እሷ ላይ ተቀምጠው ፀሐይዋ ጠዋት የት እንደምታርፍ፣ ከሰዓት የት እንደምትደርስ ሲያዩ ዋሉ። አንዳንዴ እፍኝ ጭድ ወደ ላይ በትነው ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ይከታተላሉ። አባዬ በልቡ ይንተከተካል። በአራተኛው ቀን ችካል ተክለው ሲባጎ ወጠሩ፦ የቤቱ ጀርባ ወደ መንገዱና ወደ እንጦጦ፣ በሩ ወደ ጠዋት ፀሐይ።

እኔ ተናደድኩ። የጓደኞቼ ቤት በር ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ የሠርግ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ ከደጃቸው ሆነው ያያሉ። የእኛ ብቻ እንደተኳረፈ ሰው ፊቱን ሊያዞር? አመሻሽ ላይ ማንም ሳያየኝ የበሩን ሁለት ችካሎች ነቅዬ በመንገዱ በኩል ተከልኳቸው።

በማግስቱ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ሲመጡ ጋሽ ቶሎሳ ችካሎቹን አይተው ቆሙ።

«ማነው የነካው?»

አባዬ «ጋሽ ቶሎሳ፣ ወደ መንገድ ቢሆንስ ምን አለበት? ሰዎቹ ቆመዋል፣ ክረምቱም ደርሷል፤ በዚሁ እንጀምር» አላቸው።

ሽማግሌው ዓይኔን አይተው ነው መሰለኝ፣ እጄን ይዘው ወደ አንድ ጥግ ወሰዱኝና «እስቲ እዚህ ቁሚ» አሉኝ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በአዲሱ በር አቅጣጫ ፊት ለፊት መጣብኝ፤ ሹራቤን አልፎ ደረቴ ገባ። «የእናትሽ አልጋ እዚህ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

እንባዬ መጣ። «እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይመልሱት» አልኳቸው በሹክሹክታ። ችካሎቹን መለሱ። አባዬ ምን እንደሚያስለቅሰኝ ሲጠይቅ «በርዷት ነው፤ ይልቅ ቁፋሮው ይጀመር» ብለው ሸፈኑልኝ።

ቤቱ ከዚያው ሰፈር በተገኘ ነገር ቆመ። መሠረቱ እርጥበት እንዳይወጣ በድንጋይ ከፍ አለ፤ ግድግዳውን ጎረቤት ተሰብስቦ በእግሩ ባቦካው ጭቃና ጭድ መረግነው፤ ዝናቡ እንዳይመታውም የጣሪያው ክፈፍ ረዘመ። ከአሸንዳው ሥር ያስቀመጥነው በርሜል ቧንቧ ሲደርቅ ስንቴ አዳነን! ቀን ቀን መብራት አብርተን አናውቅም። በመጀመሪያው ክረምት እማዬ እየሳለች ቁጭ ብላ ማደሯን ተወች። አባዬ ግን ስላላመነ እየተነሳ ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር።

አሁን የምኖረው አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ተመስገን ነው፤ ግን ኩሽናዬ በቀትርም መብራት ይፈልጋል፣ የመኝታ ቤቴ መስኮት ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተፋጧል። ወጣት መሐንዲሶች ስለ ዘላቂ ግንባታ ሲያወሩ፣ የፀሐይዋን መንገድ በኮምፒውተር ሲስሉ ሳይ ደስ ይለኛል። ጋሽ ቶሎሳ ቢኖሩ ከእነሱ ጋር ብዙ ያወሩ ነበር። እኔ በወጉ አመስግኛቸው አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ሳድግም እሳቸው አለፉ።

ባለፈው ክረምት ካራ ሄጄ፣ ያኔ ችካሎቹን መንቀሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእማዬ ነገርኳት።

«አንቺ ቀበጥ! በሠርግ መኪና ልትለውጪኝ ነበር?» ብላ ሳቀች። ድሮ የእማዬ ሳቅ መጨረሻው ሳል ስለነበር እኛ ቤት ቀልድ እንኳ በልክ ነበር። ያን ቀን፣ ውጭ እየዘነበ፣ ስቃ ስቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና እንደገና ሳቀች።