ቅርብ ነው ያሉት መንገድ

የልጄ እግሮች ከተወለደች ጀምሮ አይታዘዟትም። ቤታችን ጀጎል ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ከግንቡ ውጭ። እስከ አስር ዓመቷ በጀርባዬ አመላለስኳት። ልጅ ያድጋል፣ ጀርባ ግን አብሮ አያድግም፤ እኔም ግመል አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ወገቤን ሲያመኝ የሳምንቱን ግማሽ ቤት መዋል ጀመረች።

ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች መጓጓዣ የሚሆን መዋጮ ነበረው። የወላጅ ኮሚቴው ድልድሉን በርቀት ወሰነው፤ ከሩቁ የሶፊ ገጠር ለሚመጡት ልጆች ጠዋትና ከሰዓት መኪና፣ ለቅርቡ ሰው ምንም። ስብሰባው ላይ ተነስቼ፣ ከሰፈራችን ጠባብ መንገድ መውጫ ጀምሮ ለልጄ ባጃጅ እንዲያዝላት ጠየቅሁ።

“ልጄ፣ ይህ ገንዘብ አማና ነው፣ የሰው አደራ” አሉኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ። “ቤትሽ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ለአንቺ ብንሰጥ ጀጎል በሙሉ ይሰለፋል።”

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። ደሜ ፈላ።

“እንግዲያው አባባ፣ ነገ ጠዋት ቤቴ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ቅርብነቱን አብረን እናየዋለን” አልኳቸው።

ይመጣሉ ብዬ አልነበረም፤ ወላሂ መጡ። ልጄን አዝዬ ስወጣ ቦርሳዋን ይዘው ከኋላችን ተከተሉ። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ድንጋይ ላይ አረፍኩ፤ እሳቸውም ቆሙ። መስጊዱ ደረጃ ላይ ደግሜ ተቀመጥኩ። ልጄ አንገቴን ይዛ “እማ፣ እንመለስ” ስትለኝ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስንደርስ ትምህርት ከተጀመረ ቆይቶ ነበር።

“ሐቋ ነው” አሉ ሽማግሌው በሚቀጥለው ስብሰባ። ገንዘቡ ግን ያው ነው፤ ለባጃጁ የሚሆነው የተገኘው ከሶፊው መኪና የከሰዓት ጉዞ ላይ ተቀንሶ ነው። ጫት ሸጣ የምታድር አንዲት የሶፊ እናት ተነሳች። “የእኔዎቹ እግር አላቸው፤ በእግራቸው ይመለሱ” ብላ ተቀመጠች። ላመሰግናት ፈልጌ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

አሁን ልጄ አንድም ቀን አትቀርም። ባጃጁን መልሺ ያለኝ የለም፤ ቢሉኝም አልመልስም። ከሰዓት በኋላ ሐኪም የሚባለው ተራራ በደመና ሲጠቁር ግን ዓይኔ ወደ ሶፊ መንገድ ይሄዳል። ዝናቡ ሲጀምር ባጃጁ መንገዱ መውጫ ላይ ያወርድልኛል፤ ልጄን በነጠላዬ ሸፍኜ አቅፌ ቤት አስገባና ጫማዋን አወልቃለሁ። እግሯ ደረቅ ነው። የዚያች ሴት ልጆች ገና መንገድ ላይ ናቸው።