የፍሬን የለሿ ሙቅ ውሃ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ፍሬን የለሽ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣላት የከተማ አውቶቡስ ትነዳ በነበረበት ዘመን ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አንድም ሰው ገጭታ አታውቅም። ፍሬን የሌለው አፏ ነው። ትራፊክ ሲያስቆማት መጀመሪያ ልክ ልኩን ትነግረውና ከዚያ በኋላ ነበር መንጃ ፈቃዷን የምትሰጠው።

ባሏ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ በዚያው አውቶቡስ ላይ ረዳቷ ነበር። ትኬት ይቆርጣል፣ ወራጅ ያወርዳል፣ ተሳፋሪው ገብቶ ሲያልቅ ላሜራውን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። እሱ ሳያንኳኳ ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ቢያንባርቅባት ወይ ፍንክች! «እኔ የምታዘዘው ለዚህ ሰውዬ ብቻ ነው» ትል ነበር። ጋሼ ደግሞ «አዎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብቻ» ይልና ይስቃል።

ሁለቱም ጡረታ በወጡ ማግስት ጋሼን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱም ተያዘ። የቀረችለት ግራ እጁ ናት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አክስቴ ራሷ ታጥበዋለች። ጢሙን ትላጨዋለች፣ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች፣ ያለፈውን ዘመን ተሳፋሪ እያነሳች ታማለታለች። ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅድም።

ችግሩ ቤቱ ነው። ልጅ በተወለደ ቁጥር ወደ ኋላ ክፍል እየተቀጠለበት እንደ ባቡር ረዝሟል። የውሃ ማሞቂያው ፊት ለፊት፣ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ከነሱ መኝታ ቤት ጎን። ማሞቂያው ታንከር የለውም። ሙቅ ውሃ አያጠራቅምም፤ ውሃ ሲያልፍበት ብቻ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር መስመሩ ውስጥ የተኛው ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ፈሶ ማለቅ አለበት። ጋሼ ራቁቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያን ሁሉ ይጠብቃል። ብርዱ በጠናበት ሰሞን የሳንባ ምች ያዘውና ሆስፒታል ገባ።

ሲወጣ አክስቴ በማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈላች ኮሪደሩን ማቋረጥ ጀመረች። አንድ ጠዋት አዳልጧት የፈላው ውሃ እግሯ ላይ ተደፋ። ይሄኔ ትልቋ ልጃቸው ቆረጠች።

«እማ፣ በቃ። ቅዳሜ መጥቼ አባን እወስደዋለሁ። መጦሪያ ቤቱን አይቼዋለሁ፣ ንጹህ ነው፣ ሙቅ ውሃውም አልጋው አጠገብ ነው።»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። አባቷ ትንፋሽ ሲያጥረው እጁን ይዛ ሆስፒታል ያደረችው እሷ ናት። ፈርታለች። አክስቴ ግን ግግም አለች።

«በውሃ ምክንያት? ውሃው ይምጣ እንጂ እሱ ምን በወጣው ይሄዳል!»

ወዲያው ደወለችልኝ። «አንተ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ ትል የለ? ነገ ጠዋት ቤቴ እንዳላጣህ» አለችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ ዘጋችው።

ሄድኩ። ከመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ሥር፣ የሙቁና የቀዝቃዛው መስመሮች ጎን ለጎን በሚመጡበት ቦታ፣ ትንሽ ፓምፕ አገናኘሁ። ማብሪያ ቁልፉን ስትጫኚው ፓምፑ ሙቁ መስመር ውስጥ የተኛውን ቀዝቃዛ ውሃ ይስብና በቀዝቃዛው መስመር በኩል ወደ ማሞቂያው ይመልሰዋል፤ ሙቁ ሲደርስ ሙቀቱን ለይቶ ራሱ ይቆማል፤ ጠብታ ውሃ አይባክንም፣ ጋሼም ብርድ ላይ አይጠብቅም፤ እያልኩ አስረዳኋት። አስረድቼም ቁልፉን ተጫንኩ። ፓምፑ አንጎራጎረ፣ አንጎራጎረ፤ ውሃው ግን ያው በረዶ ነው።

አክስቴ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠችው። «ይሄ ሞተር ዳገት አይወጣም። ቀይረው!»

ማሞቂያው ውሃ በጉልበት ካላለፈበት አይነሳም። የኔ ፓምፕ ደግሞ ጉልበት አልነበረውም። በማግስቱ ጠንካራ ይዤ መጣሁና ገጠምኩት። ማሞቂያው ቷ ብሎ ተነሳ። ገመድ አልባውን ቁልፍ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩትና «አደራ፣ የምትጫኚው ጋሼ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የሰማች መስሎኝ!

ቅዳሜ እኔም ፓምፑን ላይ እዚያው ነበርኩ፤ ልጅቷ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። አክስቴ የውጭው በር ሲንኳኳ ገና ሮጣ ሄዳ ቁልፉን ተጫነችው። የድሮ ሹፌር ናታ፤ ተሳፋሪ ሳይመጣ ሞተር ማሞቅ አለባት። ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። እሷ ግን ገና ልጇን ሰላም ማለት ነበረባት፣ ከልጇ ጋር መጨቃጨቅ ነበረባት፣ ጋሼን ከአልጋ ማንሳትና የፒጃማውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትታ ማውለቅ ነበረባት። የመስመሩ ውሃ እሷን አይጠብቅ፤ ተመልሶ ቀዘቀዘ። እርግጠኛ ስለነበረች በእጇ እንኳ ሳትሞክረው ትከሻው ላይ ለቀቀችው።

ጋሼ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ልጅቷ ፎጣውን መንጥቃ ጠቀለለችው።

«አየሽ? አየሽ እማ? በእልህ ሰው አይታጠብም!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። ከዚያ ሄዳ ቁምሳጥኑን ከፈተች፤ ሸሚዞቹን ሻንጣው ውስጥ ስትከት እንሰማታለን።

አክስቴ አፏ ተያዘ። እኔ ይህችን ሴት ዝም ብላ አይቻት አላውቅም። ተናደድኩ። «ፓምፑ ምንም አልሆነም! ጊዜው ነው እንጂ!» ብዬ ወደ መኝታ ቤቱ ጮህኩ።

«እሺ፣ ማን ነው ጊዜውን የሚጠብቀው?» አለች ልጅቷ በሩ ላይ ብቅ ብላ። «የእሷ ሁለት እጅ እሱን በማጠብ ተይዟል። አንተ በየቀኑ ትመጣለህ?»

መልሱ የመጣው ከጋሼ ነው። ግራ እጁን ከፎጣው ውስጥ አውጥቶ ወደ በሩ ዘረጋ። መጀመሪያ ልጁን የሚጠራ መስሎኝ ነበር። እጁ ግን የተዘረጋው ወደ ቁልፉ ነው።

ከበሩ ላይ ላጥኩና መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ተጫነው። ፓምፑ ማንጎራጎር ጀመረ። ልጅቷ የአባቷን ሸሚዝ እንደያዘች ቆማለች፤ አክስቴ አንድ እጇን የቧንቧው መክፈቻ ላይ አድርጋ ፊት ፊቱን ታየዋለች። አሁንስ አትቸኩልም። ጋሼ አንገቱን ዘመም አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ፓምፑ ቆመ።

ጋሼ ክንዱን አነሳና የወንበሩን ብረት ሁለቴ መታው፤ ኳ ኳ።

አክስቴ ከፈተች። አሁን በመጀመሪያ በራሷ እጅ ሞከረችው። መስታወቱ በእንፋሎት ደበዘዘ። ትከሻው ላይ ቀስ አድርጋ ስታፈሰው ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚታዘዝለት የፊቱ ግማሽ ሳቀ። ልጅቷ ጠጋ ብላ እጇን ከውሃው ሥር አደረገችና እዚያው ተወችው።

«አባ፣ እዚሁ መሆን ትፈልጋለህ?» አለችው።

ጋሼ ብረቱን ደግሞ ሁለቴ አንኳኳው። አክስቴ ሳሙናውን አነሳች። ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ሻንጣውን ወደ ቤትሽ ይዘሽ ሂጂ» አለች፣ ኮሪደሩን በሚሞላው በዚያ በድሮው ድምጿ። «ወራጅ የለም!»