ያረረ ቆሽት

የተያዝኩት ሽንኩርት ይዤ ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ወደ ቆሰበር ስመለስ ሚኒባሱን ለፍተሻ አስቆሙት። መታወቂያዬን የተቀበለው ወጣት ስሜን ደጋግሞ አነበበና «አባባ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለምንም ነገር ተፈልጌ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ሽንኩርቱን ለረዳቱ አደራ ሰጠሁት። ሽንኩርቱ በሰላም ቤቱ ገባ፤ እኔ ቀረሁ።

ያስገቡን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉ ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከጎኑ ያለውን አይሰማም፤ እኔማ ሳይዘንብም ብዙ አልሰማ። ከመጣበቡ የተነሳ የምንተኛው በጎን ነበር። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም አብሮ ይገላበጣል።

ክፍሉ ደንብ ነበረው። ከቤተሰብ የገባ ነገር ሁሉ መሀል ላይ ይወጣል፤ ዳቦም ይሁን ሳሙና ካቦው ያካፍላል። ካቦ የምንለው እኛው እስረኞቹ የመረጥነውን አለቃ ነው። የኛው ካቦ ሰፊ ትከሻ ያለው የዳንግላ ድንች ነጋዴ ነበር፤ ሲያካፍል እጁ አያዳላም።

ከጎኔ የሚተኛው ደግሞ የግምጃ ቤት ባለጋሪ ነው። ቀጭን ጎልማሳ፤ ከሰው ይልቅ ስለ ፈረሱ ማውራት ይወዳል። ሁለታችንም ስኳር አለብን። እኔ ክኒን እውጣለሁ፤ እሱ ኢንሱሊን ይወጋል። የኔ ክኒን በሸሚዜ ኪስ ከኔው ጋር ታስራለች። የሱን መድኃኒት ግን ሚስቱ እስከ ውጭው በር ብታመጣም «ጠርሙስ አይገባም፤ መርፌም ስለት ነው» ይሏታል። ምግቡ ይገባል፣ ጠርሙሱ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለጋሪው ውሃ ጠጥቶ መርካት አቃተው። የጠጣውን አስመለሰው። ትንፋሹ እየረዘመና እየጠለቀ ሄደ፤ ከአፉም የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ መጣ። የባዮሎጂ መምህር ነበርኩና ስለዚህ ሽታ ዕድሜ ልኬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አሽትቼው ግን አላውቅም ነበር።

ካቦው ከፊቴ ቆመ።

«ጋሼ መምህር፣ ያችን የስኳር ክኒን ያውጧት።»

«ለምን?»

«ደንብ ነዋ! ስኳር ስኳር ነው። ለሁለት ትካፈላላችሁ።»

«ለሱ አትሠራም።»

«ማበጠሪያዬም ለእርስዎ አትሠራም፤ ግን ተራዎ ሲደርስ ከልክዬዎት አላውቅም።»

ሰው ሁሉ መላጣዬን እያየ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይናቸው ከኪሴ አልተነሳም። ሽማግሌው በመድኃኒት ሰሰተ ማለታቸው ነው። ሌላ መከላከያ የለኝምና ተነስቼ ማስተማር ጀመርኩ። ድሮ ተማሪዎቼ ሲያንጎላጁ የሰጠሁት ትምህርት ነው፤ አሁን የሚያንጎላጅ አልነበረም።

«ቆሽት ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ» አልኩ። «ኢንሱሊን ተጭነው፣ እንደ መናኸሪያ ሚኒባስ፣ ዳር ላይ ተደርድረው ምልክት ይጠብቃሉ። ስኳር ወደ ሴሉ ሲገባ ፖታሲየም የሚወጣበት በር ይዘጋል። እሱ ሲዘጋ ካልሲየም የሚገባበት ሌላ በር ይከፈታል። ምልክቱ ካልሲየም ነው። እሱ ሲገባ ከረጢቶቹ ከግድግዳው ጋር ይዋሃዱና የያዙትን ወደ ውጭ ያፈሳሉ። ክኒኔ ያችን የመጀመሪያዋን በር ትዘጋለች። ሌላ ሙያ የላትም።»

«እና የሱንም ትዝጋለታ!»

«የሱ በር የለም። ከረጢቶቹም የሉም። ቤቱ ተቃጥሏል።»

ካቦው አሰበ። «ቆሽቱ አሯል ነው የሚሉኝ?»

ክፍል ውስጥ «ቆሽቴ አረረ» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመኝ «ቆሽት አያርም፤ ቆሽት እጢ ነው» እያልኩ የማርም ሰው ነበርኩ። «አዎ» አልኩ። «አሯል። ያለ መርፌው ማታን ላያይ ይችላል።»

«የማናችን ቆሽት ነው ያላረረ!» አለ አንዱ ከጥግ። ባለጋሪው ራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ባትሠራም ይስጡኝ። ባዶ እጄን ከምሆን።»

አንዷን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አልዋጣትም፤ ጨበጣት።

ካቦው ወደ በሩ ዞረ። ቀደም ሲል አንድ እስረኛ ብቻውን በሩን ደብድቦ ነበር፤ የደረሰበትን ሁላችንም አይተናል፤ ከዚያ ወዲህ በሩን የነካ አልነበረም። «ስሙ» አለ ካቦው። «እኛም እዚህ የተደረደርን ከረጢቶች ነን። ተራ በተራ ከጮህን አንድ በአንድ ያወጡናል። በአንድ ጊዜ እናፍስሰው። ምልክቱን መምህር ይስጡ።»

ሁሉም ተነስቶ ብረቱ ጋ ተኮለኮለ። ቡጢዬን አነሳሁ። ነርቭ ጫፍ ላይም እንዲሁ ከረጢቶች አሉ፤ ካልሲየም ሲገባ ይከፈቱና ጡንቻው ይታዘዛል። የኔዎቹ አርጅተዋል መሰል፣ ወይም ፈርቻለሁ፣ ክንዴ በአየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በሩን መታሁት።

«መድኃኒት!» አለ መጋዘኑ በአንድ ድምፅ።

«ዝም በሉ!» አለ ዘቡ ከውጭ።

ዝም አልን። በዝምታው ውስጥ ባለጋሪው ብቻውን በአዊኛ ያወራል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኛን ግን አያይም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ አገር ኖሬ ከአዊኛ የተማርኩት ሰላምታ ብቻ ነው፤ እሱንም ስናገር ገበያው ይስቅብኛል።

«ማነው የሚያወራው?» አለ ዘቡ፤ ድምፁ ወደ በሩ ቀርቧል።

«የታመመው ሰው» አልኩት። «ምን እያለ ነው?»

ዘቡ አዊኛ ይሰማ ኖሯል።

«ፈረሱን ነው የሚያናግር» አለ። «ጠጣ እያለው ነው።»

ከዚያ የእግሩን ኮቴ ሰማን፤ ይሮጥ ነበር።

በሩ ሲከፈት ካቦውና እኔ ባለጋሪውን በጋቢ ይዘን ደፉ ድረስ ወሰድነው። ከዚያ ማለፍ አይፈቀድልንም። ዘቦቹ ሲቀበሉን ባለጋሪው ለአፍታ ነቃ። እጄን ፈልጎ ያዘና የጨበጣትን ክኒን መዳፌ ላይ መለሳት። በላቡ ረጥባለች።

«ለእርስዎ ትሠራለች» አለኝ።

በዚያ ጥበት ባለጋሪው ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ማንም እግሩን አልዘረጋም። ካቦው ያዘዘው ነገር አይደለም። ስንገላበጥ እንኳ ክፍቱን ቦታ ይዘን ነበር የምንገላበጠው።

ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ስፈታ በገበያ ቀን ግምጃ ቤት ወርጄ ሚስቱን አፈላለግሁ። ሐኪም ቤት በሕይወት ደርሶ ነበር አለችኝ፤ መርፌውንም ወግተውታል፤ አላደረም። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ እርጥብ አሸዋ ካለበት ገንቦ ውስጥ ጠርሙሱን አወጣችው። ደጋግመው የመለሱባት ያ ጠርሙስ ነው።

«አልተበላሸም» አለችኝ። «ይንኩት፣ ቀዝቃዛ ነው።»

ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

«ልጄ፣ ጤና ጣቢያ ብትሰጪው ለሌላ ሰው ይሆናል።»

«እሰጣለሁ» አለች። «ገና ነኝ።» መልሳ አሸዋው ውስጥ ቀበረችው።

አሁን ሰው «ቆሽቴ አረረ» ሲል አላርመውም። ጠዋት ጠዋት ክኒኔን ስውጥም ያች ትንሽ በር ከውስጤ ስትዘጋ የምሰማት ይመስለኛል፤ ጆሮዬ የውጭውን በር እንኳ በቅጡ አይሰማም።

እሱ የመለሰልኝ ያች ክኒንስ? ቁም ነገረኛ ሰው ቢሆን በመሀረብ ቋጥሮ እስከ ዛሬ ያኖራት ነበር። እኔ ሆዳሙ እሱ በወጣ ማግስት፣ ሚስቱ መሞቱን ሳታውቅ ለእሱ ካመጣችው ዳቦ የደረሰኝን ቆርሼ ዋጥኳት።

እንዳለው ሠራች።